አሸዋ ውስጥ የተኙ ብልቃጦች

እሳቱ እሳት ለመባል እንኳ አይበቃም ነበር። ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ደጃፍ ያለው ሶኬት ተንጣጣና ጭስ ተፋ፤ የግድግዳው ቀለም ማረር ጀመረ። የጽዳት ሠራተኛዋ ግን ይህን ቀን ስትጠብቅ ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች። በየሳምንቱ አቧራ የምትጠርግለት ቀይ የአሸዋ ባልዲ አንድ ቀን እንኳ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። «ዛሬስ ትሠራታለህ፣ ሰነፍ!» ብላ ከመንጠቆው አወረደችና ገለበጠችው።

እሳቱ ጠፋ። ከአሸዋው ጋር ግን ዘጠኝ የጎዝ፣ የቁስል ማሸጊያ ጨርቅ ጥቅሎች ወለሉ ላይ ተዘረገፉ። አንዱ ተፈታ። ጣት የማያህሉ አሥር የመስታወት ብልቃጦች፣ አንገታቸው ያልተሰበረ፣ ፈሳሻቸው ያልተነካ፣ እግሯ ሥር ተንከባለሉ።

«ኧረ ሰው ጥሩልኝ!» አለች። «አሸዋው ወለደ!»

የተሳቀው እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው። ብልቃጦቹ ቫይረስ ሳንባቸውን ላቃጠለባቸው ሕሙማን ከኦክስጅኑ በተጨማሪ በየቀኑ የሚወጉ፣ የሳንባን ብግነት የሚያበርዱ የስቴሮይድ መርፌዎች ነበሩ። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ብልቃጥ። በመዝገቡ ላይ ሁሉም ተሰጥተዋል፤ እያንዳንዳቸው ፊርማ አለባቸው። ዘጠናው ግን አሸዋ ውስጥ ናቸው። ታዲያ ለእነዚያ ሰዎች ሲወጋላቸው የከረመው ምንድን ነው?

በዚያ ወር ከክፍሉ አሥራ አምስት ሬሳ ወጥቷል።

ፖሊስ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። በግድግዳው በኩል ባሉት አምስት አልጋዎች መዝገብ ላይ ያለው ፊርማ ሁሉ የአንዲት ነርስ ነበርና እሷን ይዞ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ጉዳዩ የተመራላት ኢንስፔክተር አጭር፣ ቀጭን ሴት ናት። መሥሪያ ቤቱ በሌለችበት «ክብሪት» ይላታል፤ እንደማትሰማ ያስባሉ። ጠረጴዛዋ ላይ ዘጠኙ ጥቅሎች ተደርድረዋል። እሷ ግን መጀመሪያ ጣቷን ወጋች፤ የደሟን ጠብታ መለኪያው ላይ አስነካች፤ ቁጥሩን ከደረት ኪሷ በምታወጣት ትንሽ ደብተር ላይ ጻፈች። ስኳር ከያዛት ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት አስሟ ተነሥቶ ሦስት ቀን ሆስፒታል ስትተኛ ቁጥሩ ሦስት መቶ አልፎ ነበር። ያንን ገጽ በቀይ አስምራበታለች።

«ስንት ነው፣ አለቃ?» አለ ሳጅኑ።

«መቶ አርባ።»

«ተመስገን። ትናንት እኮ በሩን ከፍቶ መግባት ያስፈራ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ አንዱን ጥቅል አንሥታ አገላበጠችው። ጎዙ ዙሪያውን ተጣጥፎ ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አራስ እንደሚጠቀለል።

«የሌባ ሥራ ነው» አለ ሳጅኑ።

«ሌባ ይሸጣል። ደግሞ ይኼ መድኃኒት ርካሽ ነው ይላሉ፤ ማን ይገዛዋል?»

«እንግዲያው ሊያጠፋው የፈለገ ሰው ነው።»

«ማጥፋት ነው የፈለገው? ሰብሮ ቧንቧ ውስጥ ማፍሰስ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ይኼ ሰው አላጠፋቸውም። አስተኛቸው።»

ነርሷ ስትገባ ፊቷ ላይ የጭምብሉ ማሰሪያ የተወው መስመር ከጉንጭ እስከ ጆሮ ነበረ። ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኛ እንዳደረች ያስታውቃል። ሳትቀመጥ፦

«ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

«እዚህ ጠያቂዋ እኔ ነኝ።»

«ይጠይቁ። ግን ስንት ሰዓት ነው?»

«ሦስት ተኩል።»

«በአራት ሰዓት አልጋ ስድስት በሆዷ መተኛት አለባት።» ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። «ይስሙኝ። እንደሷ ያለ ሕመምተኛ በቀን አሥራ ስድስት ሰዓት በሆዱ ይተኛል። ሳንባው አየር የሚያገኘው እንደዚያ ነው። ለመገልበጥ አምስት ሰው ያስፈልጋል፤ አንድ ራስና ቱቦ ይይዛል፣ ሁለት በዚህ ጎን፣ ሁለት በዚያ። ትናንት ከእኔ ጋር አምስት ነበርን። ዛሬ አራት ናቸው። በአራት ሰው ከገለበጧት ቱቦው ይነቀላል። ስለዚህ አይገለብጧትም። በጀርባዋ ተንጋላ ትቀራለች።»

«ሌላ ነርስ ያመጣሉ።»

«ከየት? የቀረው የታመመው ነው።»

ኢንስፔክተሯ መዝገቡን ገፋችላት። «ፊርማው ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

«መድኃኒቱን ሰጥተሻል?»

«ሲሪንጁ ውስጥ ያለውን ሰጥቻለሁ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ራስሽ ያልቀዳሽውን አትውጊ ይላል ደንቡ። አውቀዋለሁ። ደንቡን የጻፈው ሰው ግን ድርብ ጓንት አጥልቆ የብልቃጥ አንገት ሰብሮ አያውቅም። መስታወቱ ጓንቱን ይቆርጠዋል። ሁለት ጓደኞቼ እንደዚያ ተቆርጠው ነው የተኙት። ከዚያ ወዲህ ከመድኃኒት ማዘጋጃው ክፍል ተቀድቶ፣ የአልጋ ቁጥር ተለጥፎበት፣ በትንሿ መስኮት ይገባልናል። እኛ ወግተን እንፈርማለን።»

«የሚቀዳው ማን ነው?»

«ፋርማሲው ነው ይላሉ። መስታወቱ ጭጋጋማ ነው፤ የማየው እጅ ብቻ ነው። ሰማያዊ ጓንት ያጠለቀ እጅ። የሁሉም እጅ ሰማያዊ ነው።»

«በዚህ ወር ስንት ቀን ገባሽ?»

«ሃያ ስድስቱንም ቀን። ተተኪ አለ?» ድምጿ ተሰበረ፤ መልሳ አጠነከረችው። «የአልጋ ስድስት ባል ትናንት በፖሊስ መኪና ስገባ ፊቴ ላይ ተፋ። እኔም ብሆን እተፋ ነበር። እሱ አይደለም የሚያበሽቀኝ። የሚያበሽቀኝ እዚህ ቁጭ ብዬ ሳወራ አራት ሰዓት መሆኑ ነው።»

ነርሷ ከወጣች በኋላ ስልኩ ጮኸ። ኮማንደሩ ነበር።

«ፊርማ አለ፣ ብልቃጥ አለ፣ ሬሳ አለ። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ለዐቃቤ ሕግ ትተላለፍ። ምን ቀረሽ?»

«ምክንያት።»

«ምክንያቱን እዚያው ትናገራለች!»

ዘጋው። ኢንስፔክተሯ ስልኩን ጥቂት አየችው፤ ከዚያ አጠገቡ ያለውን እርሳስ ለሁለት ሰበረች።

ከሆስፒታሉ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ትከሻ ሰፊ ሰው ተቀምጧል። ክንዶቹ ላይ የብየዳ ፍንጣሪ የተወው ጠባሳ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይታያል። የአልጋ ስድስት ባል ነው።

«ያቺን ሴት ነው የምታጣሩት?» አለ ሳይነሣ። «ምን ይጣራል?»

«ሚስትህ መቼ ገባች?»

«በወሩ አሥራ ስምንተኛው ቀን። መስኮት ጋ አስተኙልኝ ብዬ እግር ስሜያለሁ። ቦታ የለም ብለው ግድግዳ ጋ አደረጓት።»

«መስኮት ጋ ምን አለ?»

ሰውየው እንደ ሞኝ አያት። «መስኮት ጋ የተኛ ይድናል። ግድግዳ ጋ የተኛ ይሞታል። እዚህ ወንበር ላይ ያደረ ሁሉ ያውቀዋል እኮ፣ እትዬ።»

የጽኑ ሕሙማን ክፍሉን የሚመሩት ፕሮፌሰር ኢንስፔክተሯንና ሳጅኑን ቢሯቸው ውስጥ ተነሥተው ተቀበሏቸው። ረጅም፣ ድምፀ ለስላሳ ሰው ናቸው። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ፎቷቸው አለ፤ ተማሪዎቻቸው ሲያልፉ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ።

«ልጄ፣ ነገሩ ቀላል ነው» አሉ። «አሥሩም ሕሙማን ኦክስጅንና ስቴሮይድ ያገኛሉ። ከመስኮቱ በኩል ያሉት አምስቱ በዚያ ላይ እኔ ያዘጋጀሁት፣ በደም ሥር የሚገባ ከባድ የቫይታሚን ጠብታ ይጨመርላቸዋል። ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው። በአንድ ወር ከመስኮቱ በኩል አራት ሞቱ፤ ከግድግዳው በኩል አሥራ አንድ። ጠብታው ሰው እያዳነ ነበር። ጥናቱን ለመጨረስ አራት ቀን ነበር የቀረን።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ!» እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ተጨበጠ። «ግድግዳው በኩል ስቴሮይዱ ካልተሰጠ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም። ያቺ ሴት ጥናቴን አበላሸችብኝ።»

«ጥናትዎን?» አለች ኢንስፔክተሯ። «አሥራ አንድ ሰው ነው የሞተው።»

«እሱንም ማለቴ ነው።»

ዓይኗን ደብተሯ ላይ ተከለች። «እርስዎ በዚህ ወር የት ነበሩ?»

«ከአሥረኛው እስከ አሥራ ሰባተኛው ቀን ውጭ አገር ስብሰባ ላይ። ከአሥራ አንዱ አራቱ የሞቱት ያኔ ነው፤ በስልክ ነው የሰማሁት። ቲኬቴን ጸሐፊዋ ትሰጣችኋለች።»

ሳጅኑ በዚህ መሃል መደርደሪያው ላይ ያለውን የመድኃኒት ካርቶን ለማየት ሳብ አደረገው፤ ካርቶኑ ሸርተት አለ።

«ቀስ!» አሉ ፕሮፌሰሩ ከወንበራቸው ተነሥተው። «መድኃኒት ነው!» ካርቶኑን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ቦታው አኖሩት።

ከቢሮው ሲወጡ ሳጅኑ፣ «እሳቸውን እንሰርዝ» አለ። «ሰው ሰማይ ላይ ሆኖ እዚህ አይገድልም።»

ኢንስፔክተሯ ሰረዘቻቸው።

ፋርማሲስቱ ግን ላብ በላብ ነበር። ለግላጋ፣ ዓይኑ የማያርፍ ወጣት ነው።

«የምቀዳው እኔ ነኝ» አለ። «በየጠዋቱ። ፊርማዬ አለ።»

«ሁልጊዜ አንተ?»

«ሁልጊዜ።»

«በወሩ ውስጥ የቀረህበት ቀን አለ?»

«የለም። ሃያ ስድስቱንም ቀን ነበርኩ።»

«እንግዲያው ዘጠና ብልቃጥ ሳይሰበር የቀረው በእጅህ ነው።»

ከንፈሩ ነጣ። «እኔ... ለምን ብዬ?»

ሳጅኑ ያን ጊዜ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ሲያወራ ነበር። «አልጋ ሁለት ላይ ያሉት ሽማግሌ አባቱ ናቸው። መጀመሪያ ግድግዳ ጋ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን መስኮት ጋ ተዛወሩ።»

«አባትህን ማን አዛወራቸው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ቦታ... ቦታ ተገኘ።»

«ለበያጁ ሚስት ያልተገኘው ቦታ?»

ወጣቱ አለቀሰ። ይዘውት ቢሄዱ በወደደች፤ ግን በምን? ልጅ አባቱን መስኮት ጋ ማስተኛቱ ያሳፍራል እንጂ አያሳስርም። አሥራ አንድ ሰው ለመግደል ምክንያት የለውም። ነርሷም የላትም። መቆጣት ለክብሪት ቀላል ነበር፤ የቸገራት ቁጣዋን የምታሳርፍበት ሰው ነው።

ወደ መኪናው ስትመለስ በጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ትልቅ መስታወት ወደ ውስጥ አየች። አልጋ ስድስት ላይ ያለችው ሴት በጀርባዋ ነበረች። ማሽኑ ደረቷን ያነሣል፣ ያወርዳል። ጠፍጣፋ ሰሌዳው ላይ ያለው የኦክስጅን ቁጥር ሰማንያ አራት ይላል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኢንስፔክተሯ የአሥሩንም አልጋዎች የሃያ ስምንት ቀን ቻርት አስወጥታ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ዘረጋችው። ቻርቱ የሙቀት፣ የደም ግፊት፣ የትንፋሽ ቁጥር ነው፤ ለሷ አንበጣ የበላው እርሻ ይመስላል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈለገች። ሰዓቱ አራት ተኩል ሲል ራሷን ዞር አደረጋት። ጣቷን ወጋች። መቶ ሃምሳ ሁለት። ደብተሯን አወጣች፣ ጻፈች፣ ልትመልስ ስትል ግን መልሳ ገለጠቻት።

ቻርቱ ላይም እንደሷ ደብተር ያለ መስመር አለ። ስኳር። በየስድስት ሰዓቱ።

«ሳጅን።»

«አቤት።»

«ባለፈው ዓመት አስሙ የያዘኝ ጊዜ ምን ነበር የወጉኝ?»

«እኔ ምን አውቄ? ስኳርዎ ሦስት መቶ ገብቶ ሐኪሙን ሊደበድቡት ነበር፣ ይቅርታ፣ አለቃ። ሐኪሙ ‹መድኃኒቱ ነው፣ ስኳር ያወጣል፣ አትደንግጪ› ሲል ሰምቻለሁ።»

«ስቴሮይድ ነው ያለኝ። ይኸው መድኃኒት ነው።»

ከመስኮቱ በኩል ያሉትን ገለጠች። ሁለት መቶ ሃያ። ሁለት መቶ ስልሳ። ሁለት መቶ አርባ። ሁሉም ላይ። የግድግዳውን ገለጠች። ዘጠና ስምንት። መቶ አራት። መቶ ሁለት። እንደ ጤነኛ ሰው፣ እንደ ሜዳ የተዘረጋ። መዝገቡ መድኃኒቱን ወስደዋል ይላል፤ ደማቸው ግን አልወሰድንም ይላል።

ሳጅኑ ጣቱን ወደ መጨረሻው ገጽ ላከ። «ይቺን ይዩልኝ። አልጋ ስድስት፣ ትናንት ሁለት መቶ ሠላሳ። ዛሬ ጠዋት ሁለት መቶ ሃምሳ ስምንት። አምስቱም የግድግዳ አልጋዎች ከትናንት ጀምሮ ወጥተዋል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነርሷ ከታሰረች ወዲህ፣ አለቃ። አለቀ እኮ።»

ኢንስፔክተሯ ያ ፊት ታያት፤ የጭምብል መስመር ያለበት ያ ፊት። «ስንት ሰዓት ነው?» እያለ የሚጠይቀው። እሷንም አታለለቻት ማለት ነው? በንዴት ገጾቹን ወደ ኋላ ገለበጠቻቸው፤ አንዱ ጥጉ ላይ ተቀደደ። ከተቀደደው ገጽ ላይ ግን ዓይኗ አልነሣ አለ።

በወሩ አሥራ አንደኛው ቀን። ግድግዳ በኩል፣ አልጋ ሰባት፦ ሁለት መቶ አሥር። አልጋ ስምንት፦ ሁለት መቶ አርባ አምስት።

ቀጣዩ ቀንም ከፍ ያለ ነው። ቀጣዩም። እስከ አሥራ ሰባተኛው ድረስ። ከዚያ ቁልቁል፤ እንደገና ሜዳ።

«እነዚያን ቀኖች መድኃኒቱን አግኝተዋል» አለች። «ነርሷ እዚያው እያለች። ፋርማሲስቱም እዚያው እያለ።»

«እንግዲህ...»

«ቁጠር። አምስት አልጋ በቀን አምስት ብልቃጥ። አንድ ጥቅል አሥር ነው፤ የሁለት ቀን። ዘጠኝ ጥቅል አሥራ ስምንት ቀን ነው። ብልቃጡ እስከተገኘበት ቀን ድረስ ሃያ ስድስት ቀን አለ። ስምንቱ የት ሄደ? በእነዚያ ስምንት ቀኖች ማን ነበር የሌለው?»

ሳጅኑ በጣቶቹ ቆጠረ። ከዚያ በቀስታ፣ «ሰማይ ላይ የነበረው» አለ።

ፋርማሲስቱ ቻርቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ለካ!» አለ። «ለካ!» ወንበር ሳይፈልግ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «በሁለተኛው ቀን መጥቶ ‹አባትህ ታሟል፣ ሂድ አጠገቡ ሁን፤ የጠዋቱን እኔ እቀዳልሃለሁ› አለኝ። ፕሮፌሰር! ለነርስ መርፌ የሚቀዳ ፕሮፌሰር! ትሕትናው አስለቀሰኝ። በማግስቱ አባቴን መስኮት ጋ አዛወረልኝ። እኔ እፈርማለሁ፣ እሱ ይቀዳል። እሱ ሲሄድ ስምንቱን ቀን እኔ ቀዳሁ። በትክክል ቀዳሁ፤ በአባቴ እምላለሁ! ብልቃጦቹ ከተገኙ ወዲህም የቀዳሁት እኔ ነኝ።»

«በመጀመሪያው ቀንስ?»

«በመጀመሪያው ቀንም ‹ላሳይህ› ብሎ እሱ ነበር።»

«ትናንት ለምን ዋሸህ?»

«እሱ ያዳነልኝን አባት በምን አፌ...» አልጨረሰውም። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። እሷ ታስራ እኔ ዝም አልኩ።»

«አልክ» አለች ኢንስፔክተሯ። ልታባብለው አልፈለገችም።

ሰዓቱ አምስት ሲል መድኃኒት ማዘጋጃው ክፍል ገቡ። ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መታጠቢያ፣ ጭጋጋማ መስኮት። ፕሮፌሰሩ ሰማያዊ ጓንት አጥልቀው የቫይታሚኑን ጠብታ ያዘጋጁ ነበር። ቻርቱን ከጠርሙሶቹ አጠገብ ዘረጋችው፤ ስምንቱን ቀን በጣቷ አሳየች። ረጅም ጊዜ አዩት። ስኳሩን ረስተውት ነበር። ሠላሳ ዓመት ለተማሪ ያስተማሩትን ነገር፣ ነርሶች በየስድስት ሰዓቱ ሲጽፉት የከረሙትን ቁጥር ገልጠው አላዩትም ነበር፤ የነርስ መስመር ነዋ።

«የቀዳሁት የጨው ውሃ ነው፤ የጨው ውሃ ማንንም አይገድልም» አለ በመጨረሻ። ከዚህ በኋላ በኢንስፔክተሯ ልብ ውስጥ «እሳቸው» የሚባል ሰው አልነበረም።

«መድኃኒት መከልከል ይገድላል።»

«አንቺ አይገባሽም፣ ልጄ። አምና ሞክሬዋለሁ። ስቴሮይዱ ሁለቱንም ወገን እኩል ያነሣቸዋል፤ ጠብታዬ አይለይም። ልዩነቱ መታየት ነበረበት። አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚድነውን ሰው አስቢው!»

«ልዩነቱን ያመጣው ጠብታህ አይደለም። ከግድግዳው በኩል የወሰድከው ነው።»

ሰውየው ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ።

«አንድ ነገር ንገረኝ» አለች። «መታጠቢያው እዚሁ ነው። ሰብረህ ብታፈሰው ማንም አያገኝህም ነበር። ለምን አሸዋ ውስጥ?»

ሰውየው ከልቡ ደነገጠ። እስካሁን ፊቱ ላይ ያልታየ ነገር፣ ቅያሜ ታየ።

«መድኃኒት ላፈስ? እኔ የተማርኩት ብልቃጥ እየተቆጠረ በሚሰጥበት ቦታ ነው። በሕይወቴ መድኃኒት አባክኜ አላውቅም። ጥናቱ ሲያልቅ ልመልሳቸው ነበር። ቀዝቃዛ፣ ብርሃን የማይገባበት ቦታ ነው፤ ሁለት ዓመት ይቆያሉ። አንዱም አልተሰበረም እኮ!»

ኢንስፔክተሯ ካቴናውን አወጣች። እጇ ሊመታው ፈለገ። ካቴናውን ለሳጅኑ ሰጠችው። ከዚያ ቻርቶቹን አነሣችና የአሥራ አንዱን የመጨረሻ ቀን ስኳር በየተራ አነበበችለት። አራቱ እሱ በሌለበት ሳምንት የሞቱ ናቸው፤ ቁጥራቸው ከፍ ያለ ነው፤ መድኃኒቱ ዘግይቶ ደርሶባቸዋል። የሰባቱ ሜዳ ነው። አልጋ ሰባት፦ መቶ ሁለት። አልጋ ዘጠኝ፦ ዘጠና ስድስት። አልጋ አሥር፦ መቶ ስምንት። ሰውየው በስድስተኛው ላይ «ይበቃል» አለ። እሷ ግን እስከ አሥራ አንደኛው ቀጠለች።

ለኮማንደሩ የደወለችው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ምን እንዳለችው ሳጅኑ ለማንም አልተናገረም፤ «ኮማንደሩ አንድ ጊዜ ‹እሺ› አለ፣ ሁለተኛም ‹እሺ› አለ» ብቻ ይላል።

ነርሷ ከመኪናው ወርዳ ሮጠች። ኮሪደሩ ላይ በያጁ ቆሞ ነበር። ሰምቷል። እግሯ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ።

«ተነሥ!» አለችው። «ተነሥ ብዬሃለሁ! ስንት ሰዓት ነው?»

«ስ-ስድስት ሊሆን ነው።»

«ሁለት ቀን ሙሉ በጀርባዋ ናት። ሳይገለብጧት፤ ሰው ጎደለ ብለው።» ጸጉሯን እየጠቀለለች ከላይ እስከ ታች አየችው። «አሁንም ጎድሏል። አንዷ ዛሬ ጠዋት ታማ ቀርታለች። ጉልበት አለህ?»

«አለኝ።»

«ያልኩህን ብቻ ትሠራለህ? ሳላዝህ ጣትህን አታንቀሳቅስም?»

«እትዬ፣ ብየዳ ነው ሥራዬ። እጄ አይንቀጠቀጥም።»

«ና ልበስ።»

ኢንስፔክተሯ መድኃኒት ማዘጋጃው ክፍል ውስጥ ብቻዋን ቀርታ ነበር። ሲሪንጅ ሲገባባት በከረመችው ትንሿ መስኮት በኩል አየች፤ መስታወቷን ገፍታ ከፈተቻት። አምስት ነጭ ልብስ አልጋ ስድስትን ከበዋል። ከመሃላቸው አንዱ ልብሱ ጠቦት ትከሻው ላይ ተወጥሯል። ነርሷ ከራስጌ ቱቦውን በሁለት እጇ ይዛለች።

«በእኔ ቆጠራ» አለች። «ከእኔ ቀድሞ የሚያነሣ ወዮለት። አንድ።»

ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ሰባ ዘጠኝ ይላል።

«ሁለት።»

ኢንስፔክተሯ የመስኮቷን ጠርዝ ጨበጠች። ኪሷ ውስጥ ያለችው ደብተር፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጉት የአሥራ አንድ ሰው ቻርቶች፣ መሥሪያ ቤቷ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደ ኤግዚቢት የተቆለፉት፣ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ያሉት፣ አንዱም ያልተሰበረው ዘጠና ብልቃጥ በየተራ ታዩዋት። ቁጣዋ አልበረደም። እንዲበርድላትም አልፈለገች።

«ሦስት!»

ሴትዮዋ እንደ ገጽ ተገለጠች። ማሽኑ ጮኸ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ጮኸ። ሰባ ሰባት። ሰባ ስድስት። ሰባ ዘጠኝ። ሰማንያ ሦስት። ሰማንያ ስምንት።

አራቱ እጃቸውን አነሡ። በያጁ ግን የሚስቱን ትከሻ እንደያዘ ደርቆ ቀርቷል።

«ልቀቃት» አለች ነርሷ። «አየር እየገባላት ነው።»